ከንቲባው በግቢ መጥረጊያ ያሳጠቧት ሰማያዊ መኪና

ለክቡር አቶ አሚኒያሲ ሎጋቫቱ፣
የዋይካሉ ከተማ ከንቲባ፣ የ«ጽዱ ዋይካሉ» ዘመቻ የበላይ ጠባቂ፤
ባሉበት።

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎ ለወይዘሮ ቫሲቲ፣ ባለፈው ቅዳሜ ለተሞሸረችው ልጅዎ ለኡናይሲና ለአዲሱ አማችዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንዲሰምር፣ ወገብዎ እንዲጠና፣ በተለይም ቀኝ እጅዎ ረዘም ያለ ዕረፍት እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ባለቤቴ ቢሴሳርም ደህና ነን። የእሱ የጉንጭ እብጠት ጎድሎለታል። መኪናችንም እንደ ዕድሜዋና እንደ ደረሰባት መከራ ስትታይ ደህና ናት ማለት ይቻላል።

ይህን ደብዳቤ በገበያው በር ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ምክንያቴን ላስረዳ። በመጀመሪያ በማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት ሳጥን ልከተው አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሳጥኑ በዘመቻው ሳምንት ከግድግዳው ጋር አብሮ አረንጓዴ ስለተቀባ ቀዳዳው ተደፍኗል። የሕዝብ ቅሬታ በዚህ ፍጥነት ሲያልቅ በሕይወቴ አይቼ ስለማላውቅ እግረ መንገዴን እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ የማቀርበውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእኔ ክፍል ሲማሩ ነገር ተራ በተራ ካልተነገረዎ እንቅልፍ ይወስድዎ እንደነበር ስለማስታውስ ነው።

፩. ስለ አዋጁ

የስኳር ፋብሪካው አገዳ መፍጨት ከጀመረ ወዲህ ጥቀርሻው እንደ ጥቁር ላባ ከሰማይ እየረገፈ በታጠበ ልብሳችን፣ በጣሪያችንና በምሳችን ላይ ሲያርፍ፣ «በዋናው መንገድ ላይ ቆሽሾ የተገኘ ተሽከርካሪ ሁሉ በማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በነጻ ይታጠባል» ብለው ማወጅዎ አባታዊ ሐሳብ ነው። የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ከመንካት የድሆችን መኪና ማጠብ እንደሚቀል መገንዘብዎም አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። አዋጁ ባለቤቱን ስለማስፈቀድ አንዲት ቃል እንኳ አይተነፍስም፤ ይህንንም የደግነትዎ ብዛት ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

እዚህ ላይ፣ ቆመው የሚያነቡ መንገደኞች ስለየትኛዋ መኪና እንደማወራ እንዳይቸገሩ ጥቂት ልናገር። እኔና ቢሴሳር ልጅ አልወለድንም። በጡረታ በወጣንበት ዓመት አንዲት ጥቁር ሰማያዊ መኪና ገዛን፤ መንደሩም ቀስ በቀስ የሙሽራ መኪና አደረጋት። የሕንዱም፣ የአገሬውም ሰው፣ የቻይናዊው ዳቦ ጋጋሪ ሴት ልጅ እንኳ ሳትቀር ከወላጆቿ ቤት የወጣችው በዚህች መኪና ነው። ቀለሟ ጥልቅ ነው፤ ልክ የጉድጓድ ውኃን ጎንበስ ብሎ እንደማየት ነው። ከዚህም የተነሣ በዋይካሉ አንድ ልማድ ተፈጥሯል፦ ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት በኋለኛው በር ላይ ፊቷን ታያለች፣ ኩሏን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ነው የምትሳፈረው። መስታወት ቤቷ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ከእሷ በፊት የወጡት ሁሉ እዚያው ፊታቸውን ስላዩ ነው።

እርስዎም ከአዋጁ በፊት በነበረው እሑድ ከወይዘሮ ቫሲቲ ጋር መጥተው፣ ምንጣፋችን ላይ እግርዎን አጣጥፈው ተቀምጠው፣ ለኡናይሲ ሠርግ መኪናዋን እንድንሰጥዎ በትሕትና ጠየቁን። ወይዘሮ ቫሲቲ ያን ዕለት ያሉት ከልቤ አልወጣም። «ማዳም፣ እኔ ስዳር በአገዳ መጫኛ ነበር የሄድኩት። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቀሚሴ ከእናቴ ድስት ቂጥ አይለይም ነበር። መኪናዋን የገዛችሁ ጊዜ፣ ልጄስ በማዳም መኪና ነው የምትሄደው ብዬ ምያለሁ» አሉኝ። ቢሴሳር ዓይኑን ለመደበቅ ሻይ ሊያመጣ ተነሣ። እኔም «ትሄዳለች» አልኋቸው። ይህን ቃል ስሰጥ እርስዎ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው የካሳቫ ጥብስ ይበሉ ነበር፤ ስለዚህ የሰሙ ይመስለኛል።

፪. ስለ እጥበቱ

ረቡዕ ዕለት ቢሴሳር መንጋጋውን ሊነቀል ወደ ጥርስ ሐኪሙ ሄድን። መኪናዋን ከገበያው ፊት ለፊት አቆምኋት። ጥቀርሻ ነበረባት፤ አልክድም። ጥቀርሻ ሲያርፍባት በደረቁ መንካት ስለማይገባ ቤት እስክደርስ ብዬ ትቼው ነበር።

ቢሴሳር አፉን በጥጥ ወትፎ፣ እኔም ክንዱን ይዤ ስንወጣ፣ መኪናችንን ሰው ከቧት ደረስን። አደጋ የደረሰ መስሎኝ ሮጥሁ። አልተሳሳትሁም። የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት አለቃ ሳኪዩሳ (በእኔ ክፍል ከእርስዎ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረው፣ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ትከሻው ሰፊ፣ ሣቁ የሚያስተጋባ ሰው) ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በቀትር ፀሐይ፣ በጋለ ብረት ላይ፣ ግቢ የምንጠርግበትን የኮኮናት ቅጠል አጥንት መጥረጊያ ይዞ ኮፈኖዋን ይፈትጋል። አንደኛው የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና እንደ ጨው ይነሰንሳል። ሌላው ጎማዋን ባሸበት ጨርቅ ጣሪያዋን ያብሳል። ውኃው የመጣው የዓሣ ጠረጴዛዎቹ ከሚታጠቡበት በርሜል ስለነበር መስኮቷ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ለዚህ ተጨማሪ ጌጥ ለብቻው አመሰግናለሁ።

«ማዳም! ቡላ!» አለኝ ሳኪዩሳ በአገሬው ሰላምታ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «እንኳን መጡ። ቆሻሻው እልኸኛ ነበር፣ ግን አሸነፍነው!»

«ሳኪዩሳ፣ ያሸነፋችሁት ቀለሙን ነው» አልሁት።

ጎንበስ ብሎ አየ። ፀሐይዋ ኮፈኖው ላይ ወድቃ ነበር፤ በብርሃኗ ዙሪያ የተጫረው ሁሉ ክብ ክብ እየሠራ፣ ልክ ሸረሪት ሌሊቱን ስታደራበት ያደረች ይመስል ነበር።

«ይሄ? አይዞዎት ማዳም፣ ይሄ እኮ ርጥበት ነው። ሲደርቅ ይጠፋል።»

ቢሴሳር ከጥጡ ውስጥ አንድ ረጅም ድምፅ አወጣ። በአርባ ዓመት ትዳራችን ከአፉ ክፉ ቃል ሰምቼ ስለማላውቅ ጥጡ መኖሩን አመሰገንሁ።

ደረቀ። አልጠፋም። እንዲያውም በደንብ ታየ። በመጨረሻም ሥራቸውን በቡና ዓይነት የስኳር ጆንያ አድርቀው፣ «ንጹሕ ተሽከርካሪ» የሚል ትልቅ ተለጣፊ አወጡና፣ መስታወቱ ላይ ቢሆን ሾፌሩን ይጋርዳል ብለው በማሰብ፣ ቀለሙ ላይ ለጠፉት። ለሾፌሯ ደኅንነት ለተደረገው ጥንቃቄ ሾፌሯ እጅ ትነሣለች።

፫. ስለ መልካም አስተዳደር

ከዚያው ወደ ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎም እንደ ልማድዎ ከወንበርዎ ተነሥተው በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ስለዚህ አንጀቴ ሊርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገሩን ስነግርዎ በጥሞና አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦

«ማዳም፣ መኪናዋ ንጹሕ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ንጹሕ ናት» አልሁ፤ መዋሸት አልወድም።

«ታዲያ ቅሬታው ምኑ ላይ ነው?»

«ክቡር ከንቲባ፣ ድስትም ሲፋቅ ይነጻል። እባክዎ መስኮቱ ጋ ይምጡና አንድ ጊዜ ይዩዋት።»

«ስብሰባ አለብኝ ማዳም። ግን አደራ፣ ቅዳሜ ስትመጡ ደግሞ እንደዚሁ አብለጭልጩልኝ፤ የባሕር ማዶ ዘመዶች ይመጣሉ» አሉኝ።

ከወንበርዎ እስከ መስኮቱ ያለው ርቀት ቢሴሳር በአበጠ ጉንጩ ሊራመደው የሚችል ነበር። ነገር ግን የስብሰባው አጀንዳ «የዘመቻው ስኬት» መሆኑን በሩ ላይ ስላነበብሁ፣ ስኬቱን በዓይን ከማየት በስብሰባ መስማት እንደሚሻል ገብቶኝ ወጣሁ።

በዚያው ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ኡናይሲ የመኪናዋን ሪባን ልትለካ ከቤታችን መጣች። እንዳታያት ልከለክላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሪባን ያለ መኪና አይለካም። ወደ ኋለኛው በር ሄዳ፣ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ ፊቷን ፈለገች። ብዙ ቆየች።

«ማዳም፣ ፊቴን ድመት ቧጨረው» አለችና ሣቀች። ሣቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ቀና ብላ ተለጣፊውን አነበበች።

«አባዬ ነው፣ አይደል?»

«ማዘጋጃ ቤቱ ነው» አልኋት፤ ያስተማርሁትን ሰው በልጁ ፊት ማሳጣት ከብዶኝ።

«ማዳም ደግሞ! ማዘጋጃ ቤቱ እኮ አባዬ ነው።» ሪባኑን በጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «እማዬ እንዳታይ። በቃ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም፤ እማዬን ደግሞ በእግር መሄድ ደስ ይለኛል እላታለሁ።»

ክቡር ከንቲባ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተናደድሁት ስለ ቀለም ነበር።

ኡናይሲ ሳትሄድ የጓሮው በር ተንኳኳ። ሳኪዩሳ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝና ሱሉ የሚባለውን ሽርጥ ለብሶ፣ ለይቅርታ የሚቀርበውን የካቫ ሥር በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ያ ሁሉ ትከሻ ተሰብስቦ ደጃፋችን ላይ ቁጭ አለ፤ ራሱን ደፍቶም ሥሩን ፊቴ አኖረ። ቤት ሄዶ ነገሩን በኩራት ለሚስቱ ሲያወራ፣ ሚስቱ «የትኛዋን መኪና ነው ያጠብከው? እኔ የተሞሸርኩባትን?» ብላ ጠይቃው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሊደግምልኝ አልፈለገም።

«ማዳም፣ ቢፈልጉ ይምቱኝ» አለኝ።

«ተነሥ። ካቫውን ተቀብያለሁ፤ ቢሴሳር ጥርሱ ሲሻለው አብራችሁ ትጠጡታላችሁ። ግን ካቫ ጭረት አያወጣም። አርብ ጎሕ ሲቀድ ሰዎችህን ይዘህ ና። መጥረጊያ ይዞ የመጣ ግን ከበሩ ይመለሳል።»

፬. ስለ አርቡ ትምህርት

ይህ በእርግጥ ቅሬታ አይደለም። ነገር ግን የማዘጋጃ ቤትዎ ሠራተኞች በሥራ ሰዓታቸው የት እንደዋሉ ማወቅ መብትዎ ስለሆነ በዝርዝር ላሳውቅዎ።

መኪናዋን ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር አቆምናት፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ሳሙናው ቀለሙ ላይ አይደርቅም። ከዚያ ውኃ ብቻ፣ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች፣ በዝግታ አፈሰስንባት። የሳኪዩሳ እጅ ገና ከአሁኑ ሊያሻት ይበላው ነበር።

«ማዳም፣ መቼ ነው የምናጥባት?»

«እያጠብናት ነው። ጥቀርሻውና አሸዋው በውኃ ራሱ ይውረድ። አሁን በእጅህ ብታሻው እጅህ ብርጭቆ ወረቀት ነው።»

ሁለት ባልዲ አቀረብሁ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውኃ። ከበግ ፀጉር የተሰፋውን ለስላሳ ጓንት ሳሙናው ውስጥ ነክሮ፣ በቀጥታ መስመር ብቻ፣ ያለ ጉልበት፣ ከላይ ወደ ታች፤ ከዚያ ጓንቱን በንጹሑ ውኃ አለቅልቆ እንደገና ወደ ሳሙናው። ጎማዎቹ በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። ሳኪዩሳ ምላሱን በከንፈሩ መሐል አድርጎ፣ ሆሄ እንደሚጽፍ ተማሪ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች ወረደበት።

«ኢሳ! ልጄን ሕፃን ሳለ ሳጥበው እንኳ እንዲህ አልሳሳሁም» አለ።

ከዚያ ጓንቱ አምልጦት መሬት ላይ ወደቀ። አንሥቶ፣ እፍ ብሎበት፣ ወደ ኮፈኖው ሲያስጠጋው ከወደ በረንዳው አስፈሪ ጉርምርምታ ተሰማ። ቢሴሳር ነበር፤ ጉንጩን በሻርፕ እንዳሰረ ጣቱን ወደ ጓንቱ ቀስሯል። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር ከማናችንም በላይ አለቃ ሆኖ ዋለ። መሬት የነካ ነገር አሸዋ ይይዛልና ጓንቱ ተለወጠ።

ለማድረቅም ወፍራም ፎጣ አልብሰናት በመዳፍ ጫን ጫን እያደረግን ውኃውን አስጠጣነው እንጂ አልፈተግናትም። የቀረው ጭረቱ ነበር። ቢሴሳር ከዕቃ ቤት የማወልወያ ቅባቱን አመጣ፤ ሁላችንም ለስላሳ ጨርቅ ይዘን፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ትንሽ እየቀባን፣ እስክትጠራ እያወለወልን፣ ወደ ቀጣይዋ መዳፍ እየተሻገርን ዋልን። ሮቲና የታሮ ቅጠል ወጥ ለምሳ አቀረብሁ። ሳኪዩሳ በቤተ ክርስቲያን የሚዘምረውን በወፍራም ድምፁ ሲያንጎራጉር ባልደረቦቹ ተቀበሉት፤ እኔም የማላውቀውን ቃል እየዘለልሁ አጀብኋቸው። ሲመሽ ከግራው ፓራፋንጎ ግርጌ ያሉት ጥልቅ ጭረቶች ብቻ ቀሩ። የኋለኛው በር ግን ጠርቶ ወጣ። ሳኪዩሳ ፊቱን በሩ ላይ አየና፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ፣ «ሚስቴ እውነቷን ነው፤ ሸምግያለሁ» አለ።

እነዚህ ሠራተኞች አርብ ዕለት ከሥራ ገበታቸው ላይ ስለታጡ እንዳይቀጡብኝ። ከዘመቻው መጀመሪያ አንሥቶ አንድ ነገር ያነጹበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

፭. ስለ ቅዳሜው

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ደርሻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ሪባኗን አስራ ከደጅዎ ቆመች። ዘመድ አዝማዱ፣ ከባሕር ማዶ የመጡትም ጭምር፣ ዞረው አደነቋት። ወይዘሮ ቫሲቲ ወጡና ጣሪያዋን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ። በዚህ መሐል አንዲት ማይና ወፍ ከዳቦ ፍሬ ዛፉ ላይ ሆና ኮፈኖው መካከል የራሷን አስተዋፅኦ ጣለችብን። ነገሩ ቀላል ነበር። የወፍ ኩስ ውስጡ ፍሬና ጥጥር ስለሚኖረው አይፈተግም፤ ርጥብ ፎጣ ይደረግበትና ሲለሰልስ ብድግ ይደረጋል። ፎጣውን ላርስ ወደ ኩሽናዎ ገባሁ። ጊዜ አልፈጀሁም።

ስወጣ፣ ክቡር ከንቲባ፣ እርስዎ ግራጫ ኮትዎንና ሱሉዎን እንደለበሱ፣ ክራባትዎን ወደ ትከሻዎ ወርውረው፣ በመላው የአባትነት ፍቅርዎ፣ በድስት ማጠቢያ ሽቦ ኮፈኖውን እየፋቁ ነበር።

«አባ! እጅህን! እጅህን!» ብላ ኡናይሲ ከበረንዳው ጮኸች።

ሳኪዩሳ የመዘምራን ልብሱን እንደለበሰ በሁለት እርምጃ ደርሶ ክንድዎን ያዘ። የበታች ሠራተኛ የከንቲባን ክንድ በአደባባይ መያዙ ከሥነ ሥርዓት ውጪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ከዚያ በፊት አንድም ሰው አልያዘዎትም ነበርና ይቅር ይበሉት።

ያን ጊዜ ነው፣ ከረቡዕ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያዩት። የመዳፍ ያህል ቦታ ነጥቶ፣ ደብዝዞ፣ በዚያ ጥልቅ ሰማያዊ መሐል ሞራ እንደጋረደው ዓይን ተገልጦ ነበር። ሽቦውን አዩት። ኮፈኖውን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በነበሩበት ድምፅ፣

«ማዳም… ሲደርቅ ይጠፋል?» አሉኝ።

ሳኪዩሳ ወደ ሰማይ አየ። ቢሴሳር ጥርሱ ከተነቀለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ «አይጠፋም» አለ። ወይዘሮ ቫሲቲ ቀስ ብለው መጥተው ሽቦውን ከጣትዎ አላቀቁና፣ «አሚኒያሲ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ልጄ እስክትዳር እንዳታወጣው» አሉዎት። እርስዎም ከተቱት። በአስተዳደር ዘመንዎ እንዲህ ፈጥኖ ተግባራዊ የሆነ ውሳኔ አላስታውስም።

ኡናይሲ ልታለቅስ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እስክትደክም ሣቀች። ሕዝቡም ተከተላት። ከዚያ ተነሥታ በአንገቷ ካጠለቀችው የአበባ ጉንጉን አንዱን አወለቀችና በነጣው ቦታ ላይ አኖረችው፤ በልኩ የተሠራ ይመስል ገጠመ። ወደ ኋለኛው በርም ሄዳ ጎንበስ አለች። በሣቅ የፈሰሰውን ኩሏን በጣቷ ጠረገች።

«ማዳም፣ ፊቴ አለ» አለችኝ።

ወይዘሮ ቫሲቲም ከጎኗ ጎንበስ አሉ። እናትና ልጅ በአንድ በር ላይ ታዩ። ክቡር ከንቲባ፣ በዚያች ቅጽበት ሌላ ኮፈኖ ቢያመጡልዎ እንኳ ፈቅጄ ያስፋቅሁዎ ነበር።

በመኪናዋ ውስጥ ኡናይሲ፣ እናቷና ሚዜዋ ስለሞሉ እርስዎ መጥረጊያዎቹን በሚያመላልሰው የማዘጋጃ ቤት የጭነት መኪና ላይ፣ ከመዘምራኑ ጋር፣ ከኋላ መጡ። በመስታወቴ አይዎ ነበር። እጅዎ አሁንም ኪስዎ ውስጥ ስለነበር መንገዱ ሲያንገጫግጭ ሳኪዩሳ በትከሻው ደገፍ ያደርግዎ ነበር። ፋብሪካው ለሠርግም አያርፍምና ጥቀርሻው ረገፈብን፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ ጣሪያችን ላይ ጥቁር በጥቁር ነበር። ማንም አልነካውም።

፮. ስለ ሰኞው ፎቶግራፍ

በዚህ ሁሉ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎኝ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ አላሰብሁም ነበር። ነገር ግን ሰኞ ዕለት በማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ ላይ የመኪናችን ፎቶግራፍ በትልቁ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ «በማዘጋጃ ቤታችን የታጠበች፣ የዘመቻው አርአያ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ፎቶግራፉ የተነሣው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከማይናዋ በፊት ነው። የአርቡን ቀን ሙሉ የእኛን የክርን ድካም፣ የቢሴሳርን ቅባትና የማንጎውን ጥላ ለማዘጋጃ ቤቱ ማስረከብ ግድ ከሆነ፣ ክብሩ የጋራ እንዲሆን የኮፈኖው ፎቶግራፍም ከጎኑ እንዲሰቀል በትሕትና እጠይቃለሁ። ፎቶግራፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

በተረፈ፣ ዘመቻው መቀጠሉ የማይቀር ከሆነ የኮኮናት መጥረጊያዎቹ ወደ ተፈጠሩለት ግቢ እንዲመለሱ፣ ባለመኪናው አስቀድሞ «ይታጠብልህ ወይ?» ተብሎ እንዲጠየቅ፣ ሠራተኞቹን የማሠልጠኑ ኃላፊነትም ለሳኪዩሳ እንዲሰጥ አመለክታለሁ። ሳኪዩሳ አሁን ጨርቅ መሬት ላይ ሲወድቅ ካየ ይጮኻል፤ ባለፈው በገበያ መሐል ጮኾ አንዲት ፎጣ ሻጭ አስደንግጧል።

ለአባታዊ አሳቢነትዎ፣ ለነጻ አገልግሎትዎ፣ ለዓሣ ቅርፊቱ፣ ለተለጣፊው (እስካሁን ግማሹ እምቢ ብሏል) እና በገዛ እጅዎ ለለገሱን የመዳፍ ያህል መታሰቢያ ያለኝ ምስጋና በቃላት የሚገለጽ አይደለም። ቢሴሳር ኮፈኖውን አስቀብቼ ልመልሰው ሲለኝ አልፈቀድሁም። መጪዎቹ ሙሽሮች ሲጠይቁኝ፣ አባት ልጁን ሲድር እጁን የት ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ሲቀር የሚሆነው ይህ ነው ብዬ አሳያቸዋለሁ።

በንጽሕናዎ የምትደነቅ፣ ስለ ሰላምዎ የምትጸልይ፣ በመንገድ ላይ መኪናዋን ዳግመኛ ብቻዋን የማትተው፣

ዳያ ዋንቲ
የዋይካሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ርእሰ መምህር

የታከለበት፦ ትናንት ጠዋት አዲሷ ነጭ የከንቲባ መኪና በሳኪዩሳ እየተነዳች ከማንጎው ጥላ ሥር ገብታ ቆማ ነበር። የላኳት፣ ከእርስዎ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ሲሆኑ፣ «በእጅ ይታጠብልኝ፤ እሱ ግን እንዳይሰማ፣ ሊያግዝ ይመጣል» ብለው አደራ ስላሉኝ ስማቸውን አልጠቅስም። መኪናዋ ታጥባ ተመልሳለች። ደርቃለችም።